ይሉኝታ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ

የእህቴ ባል ስንታየሁ ጨዋ ሰው ነው። ይህን የምለው ለማመስገን አይደለም። በጨዋነቱ ከተጎዱት አንዷ እህቴ ብዙወርቅ ናት፤ ከእሷ የባሰባቸው ደግሞ የገዛ እናቱ እማማ ድንቅነሽ ናቸው። እኔ ዳር ሆኜ በንዴት ስቃጠል ከመኖር በቀር የደረሰብኝ ነገር የለም።

ስንታየሁ ጎንደር ውስጥ ሲያድግ ከሁሉ በፊት የተማረው ሲሰጡት እምቢ ማለትን ነው። ሆዱ እየጮኸ «ጠግቤያለሁ» ይላል። እግሩ ዝሎ፣ ግባ ሲሉት «እቸኩላለሁ» ይላል። እርግጥ ይህን ሥርዓት ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰጪው ያቀርባል፣ ተቀባዩ ይግደረደራል፣ ሰጪው ይለምናል፣ ተቀባዩ እንደገና እምቢ ይላል፤ በመጨረሻ «በሞቴ» ሲባል ተሸንፎ ይቀበላል። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ። ስንታየሁ በሱዳን አቋርጦ እዚህ እስራኤል አገር ሲገባ ይህን ሥርዓት ምንም ሳያጎድል ይዞት መጣ። የሚለምነውን ሰው ግን ይዞት አልመጣም።

ቂርያት ጋት በገባን በመጀመሪያው ዓመት በኢንዱስትሪ ቀጠናው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠረ። አለቃው የቀን ፈረቃ የሚፈልግ ማን እንደ ሆነ ጠየቀ። ስንታየሁ ለእኔ ግድ የለም፣ ሌላው ይቅደም አለና ሁለተኛ እስኪጠየቅ ጠበቀ። አለቃው ሁለተኛ አልጠየቀም። ከዚያ ወዲህ የሌሊት ሠራተኛ ነው። ፋብሪካው ውስጥ ሌሊት መሥራት የሚወድ ሰው ተብሎ ይወራለታል፤ አለቃውም በየበዓሉ በዚህ ያመሰግነዋል።

ያን ጊዜ ሁላችንም ተከራይ ነበርን። የስንታየሁ አከራይ ቁልፍ ያለው ሰው ነበር፤ ሲያሻው ከፍቶ ይገባል፣ ድስት ከፍቶ ያያል፣ በርበሬው ግድግዳዬን አበላሸ ይላል። በየክረምቱ መግቢያ ልጄን ልድር ነውና ቤቱን ልቀቁልኝ ብሎ ይመጣል። ያለችው አንዲት ልጅ ናት፤ ስንት ጊዜ እንደ ዳራት እሱ ይወቅ። ኪራዩ ሲጨመርለት ሠርጉ ይቀራል። ስንታየሁም እያንዳንዱን ሠርግ እንኳን ደስ ያለዎት እያለ ይቀበለው ነበር።

ቤቱ ፎቅ ላይ ስለ ነበረ የሚጎዱት እማማ ድንቅነሽ ናቸው። ጉልበታቸው ታሟል፣ ደረጃ አይሆንላቸውም። ከዚህ ዓለም የሚፈልጉት ነገር ቢኖር ደጅ ወጥተው ከእኩዮቻቸው ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ መቀመጥ ነበር። ከሰው ጋር ኖረው፣ ከሰው ጋር በእግራቸው በረሃ አቋርጠው የመጡ ሴትዮ በአራት ግድግዳ ውስጥ ከማቀዝቀዣ ጋር ሲያወሩ ይውሉ ጀመር።

በዚህ መሀል ነው ሊዮን የመጣው። ዘመኑ ዘጠና ሁለት ነው፣ በፈረንጆቹ። ሊዮን ከሰሜን የመጣ፣ ሁሉ ነገር የጋራ በሆነበት ኪቡጽ ያደገ፣ ክረምት ከበጋ ሰንደል ጫማ የሚያደርግ ሰው ነው። ከኢንዱስትሪ ቀጠናው አጠገብ ድሮ የሠራተኞች ማደሪያ የነበረ፣ ባዶውን የቆመ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ አግኝቶ፣ ተከራዮቹን ሰብስቦ በማኅበር እንድንይዘው አማከረን። አከራይ የሚባል የለም አለ። ሕንፃው የማኅበሩ ነው፣ ማኅበሩ እናንተ ናችሁ። በየወሩ የሚከፈለውን ራሳችሁ ትወስናላችሁ፤ ከኪራይ ያነሰ ነው። የሚለቅ ሰው ቤቱን ለማኅበሩ ይመልሳል እንጂ አትርፎ አይሸጥም። ጣራው ቢያፈስ አብራችሁ ትጠግናላችሁ። ማኅበሩን «ቤያሃድ» ብሎ ሰየመው፤ በአንድነት ማለት ነው።

እንግዲህ እኛን አንድነት ሊያስተምር ነው የመጣው። አንዱ ላንዱ ሲያርም፣ አንዱ ያንዱን ጎጆ ሲያቆም፣ አንዱ ያንዱን ሬሳ ሲሸከም የኖረ ሕዝብ ተሰብስቦ፣ ሰው ከሰው ጋር ቢተጋገዝ መልካም መሆኑን ከባለ ሰንደሉ ሰማ። በትሕትና ራሳችንን ነቀነቅን። ያልገባን አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሽማግሌው አባ ሰጠው ተነሥተው፣ ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፣ ግን ከቤቱ የሚያስወጣን ሰው ማነው ብለው ጠየቁ። ሊዮን ማንም አያስወጣችሁም አለ። አባ ሰጠው ጥያቄው ያልገባው መስሏቸው ደግመው ጠየቁት። ያው መልስ ሲመጣ ለሊዮን አዝነው ተቀመጡ።

ግን እውነቱን ልናገር፤ ሆነ። አርብ አርብ ከሥራ በፊት እየተሰበሰብን ግድግዳውን ቀባን፣ ቧንቧውን አስቀየርን፣ ግቢውን ጠረግን። የልብስ ማጠቢያው የጋራ፣ የስብሰባው ክፍል የጋራ ሆነ። ማንም ከፍቶ የማይገባበት የራሴ ቁልፍ በእጄ የገባ ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በሊዮን ላይ የምሳለቀውን ያህል ልሳለቅ እንጂ ያችን ቁልፍ ያመጣልኝ እሱ ነው።

ጉዱ የመጣው ቤቱ ሲደለደል ነው። ከምድር ቤት ካሉት ሁለት ክፍሎች አንዱ የስብሰባው አዳራሽ ስለ ሆነ ለሰው የቀረው አንድ ብቻ ነበር። ያ ቤት የማን እንደ ሆነ የማያውቅ አልነበረም። የእማማ ድንቅነሽ ነው። ሴቶቹ ቀለም ስንቀባ ተነጋግረን ጨርሰናል፤ ወንዶቹም በልባቸው አሳድረውታል። በጣም ግልጽ ከመሆኑ የተነሣ ለሊዮን መንገር ለማንም ትዝ አላለውም።

የድልድሉ ቀን ሊዮን ፊታችን ቆመና እያንዳንዱ የሚፈልገውን በግልጽ ይናገር አለ። ከምድር ቤቱ ጀመረ፤ ሳይነገረውም ቢሆን እናት ያለው ስንታየሁ መሆኑን አይቶ መጀመሪያ እሱን ጠየቀ። ስንታየሁ ተነሣ፣ ኮቱን ቆለፈ። እኔ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

«ሎ ጻሪክ» አለ ስንታየሁ በዕብራይስጥ፣ አያስፈልገኝም ማለቱ ነው። «ለተቸገረ ይሁን።»

አለና ተቀመጠ። በአማርኛ ቢሆን ይህ ንግግር «አዎን እፈልገዋለሁ፣ በሉ ለምኑኝ» ማለት ነው። ሁላችንም ለልመናው ተዘጋጀን። ልመናውን መጀመር ያለባቸው በዕድሜ ትልቁ አባ ሰጠው ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ሳይመርቁ ነገር አይጀምሩም። ተነሥተው፣ ከአገር አገር ያደረሰን አምላክ ይመስገን፣ ይህን ቤት ያቆመ እጅ አይንቀጥቀጥ፣ ልጆቻችን በሰላም ይደጉበት እያሉ ገና ወደ ነገሩ ሳይደርሱ፣ ሊዮን ምርቃቱን እንደ ዘፈን ቆጥሮ በመሀሉ ዝግ ባለ ድምፅ እሺ፣ ሌላ የሚፈልግ አለ? ብሎ ጠየቀ።

ሸጋው እጁን አወጣ።

ሸጋውን ላስተዋውቅ። ወጣት ነው፣ በቅርቡ ሚስት አግብቷል፣ ወታደርነቱን ጨርሶ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኗል። የፀሐይ መነጽሩ ቤት ውስጥም ግንባሩ ላይ ነው። ቅዳሜ ማታ ኳስ የሚጫወት፣ ደረጃ ሦስት ሦስቱን የሚዘል ጎረምሳ። ዓይኑን በጨው አጥቦ እኔ እፈልገዋለሁ አለ። አባ ሰጠው ምርቃታቸውን ጨርሰው «እንግዲህ ልጃችን ስንታየሁ...» ሲሉ ሊዮን ከቤቱ ቁጥር አጠገብ ሸጋው ብሎ ጽፎ ጨርሷል።

ያን ጊዜ አንድ ሰው ተነሥቶ ነገሩ እንዲህ አይደለም ቢል ያበቃ ነበር። ማን ይነሣ? ሸጋው እዚያው ተቀምጧል። ሰውን በአደባባይ የያዝከውን ልቀቅ ማለት ነውር ነው። ሁላችንም አንድ ላይ ዝም አልን፤ ማኅበሩ ሙሉ በሙሉ የተስማማበት የመጀመሪያው ጉዳይ ይኸው ዝምታ ነው። ስንታየሁም ሌሎች መርጠው እስኪያበቁ ሲያሳልፍ ቆይቶ የተረፈው ደረሰው፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከጣራው ሥር።

እማማ ድንቅነሽን በወንበር አድርገው አወጧቸው። ሊዮን ይህን ሲያይ ዓይኑ በራ። ወንዶቹ በተራ በተራ የሚሸከሙበት የተራ ሥርዓት አወጣ። ይህ ነው ማኅበር ማለት አለ። ከቴል አቪቭ እንግዶች እየጠራ ያሳይ ጀመር፤ በኪራይ ቤት የሚኖር ሰው ጎረቤቱን አያውቅም፣ እዚህ ግን እዩ፣ አረጋዊቷን ማኅበሩ በትከሻው ይሸከማል። እንግዶቹ እንባ ያወጣሉ። አንድ ቀን ፎቶ አንሺ መጥቶ ደረጃው መሀል ላይ ቁሙ አላቸው። ባለቤቴ ቢሻው ከወንበሩ አንድ እግር ሥር ሆኖ ክንዱ ሲንቀጠቀጥ፣ ፎቶ አንሺው ብርሃኑ አልተስማማኝም እያለ አንድ ደረጃ ወደ ላይ፣ አንድ ደረጃ ወደ ታች አስደረጋቸው። እማማ ድንቅነሽ ጨዋ ናቸውና ፈገግ አሉ። ፎቶው አድጎ በስብሰባው ክፍል ተሰቀለ። ቢሻው ወገቡን ይዞ ተኛ።

እንግዳ በማይመጣበት ቀን ግን ወንዶቹ ፋብሪካ ናቸው፣ ተራውን የሚጠብቅ የለም። እማማ ድንቅነሽ በመስኮት ሆነው እኩዮቻቸውን ያያሉ። እኩዮቻቸውም ከታች ሆነው ሰላምታ ይልካሉ፤ የጎንደር ሰላምታ ደግሞ በአንድ ቃል አያልቅም። እንዴት አደሩ፣ እንዴት ሰነበቱ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው ሲባል ሰፈሩ ሁሉ የእማማ ድንቅነሽን ጤንነት ያውቃል። እኛም እንስቅ ነበር። ዝናብ ሲመጣ መስኮቱ ተዘጋ። ዝናቡ ካባራ በኋላም አልተከፈተም። ስጠይቃቸው ከዚያ ሆኜ ምን አያለሁ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መለሱ። ያን ቀን ሴትዮዋ ከዚህ ጣራ ሥር በሕይወት እንደማይወርዱ ታየኝ።

ሽማግሌዎች ሸጋውን ሊያናግሩት ሄዱ። በደንብ ተቀበላቸው፣ ለስላሳ ቀዳላቸው፣ ስንታየሁ ራሱ አልፈልግም ማለቱን ሁላችሁም ሰምታችኋል አላቸው። ሐቁን ነው። በጣም ያናደደኝም ሐቁን መሆኑ ነው። ሽማግሌዎቹ ለስላሳውን ሁለት ጊዜ እምቢ ብለው ጠጥተው ተመለሱ።

በማኅበሩ ደንብ ዓመት ሲሞላ ቤት መለዋወጥ የሚፈልግ በጉባኤ ይጠይቃል። እህቴ ብዙወርቅ ስንታየሁን ታሠለጥነው ጀመር። «እፈልጋለሁ» በል ትለዋለች። «ካላስቸገርኩ» ይላል። ካላስቸገርኩ አትበል፣ እፈልጋለሁ ብቻ በል። «ፈቃዳችሁ ከሆነ» ይላል። ሰውየው በአማርኛ መፈለግ አቃተው። በመጨረሻ በዕብራይስጥ ይሻላል ተባለ፤ በዚያ ቋንቋ ሁሉም ሰው ስለሚፈልግ ብዙ አያሳፍርም። «አኒ ሮጼ፣ አኒ ሮጼ» እያለ ወደ ሌሊት ሥራው ሲሄድ በደረጃው እሰማው ነበር።

የጉባኤው ቀን እማማ ድንቅነሽንም በወንበር አወረዷቸው። ስንታየሁ ተነሣ። የፊቱን ወንበር በሁለት እጁ ጨብጦ «ምድር ቤቱን አኒ ሮጼ» አለ። «ለእናቴ።» ሰዉ ሁሉ ልብሱን ያወለቀ ይመስል ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። እኔ ግን ኮራሁበት። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የልቡን ተናገረ።

ሊዮን በጣም ጥሩ፣ ድምፅ እንስጥ አለ። ሸጋው ከፊተኛው ረድፍ ዞሮ ፊታችንን አንድ በአንድ ማየት ያዘ። የሚደግፍ እጁን ያውጣ ተባለ። እኔ አወጣሁ፣ ብዙወርቅ አወጣች። ሌላ የለም። ዓመት ሙሉ ወገባችን ተቆረጠ ሲሉ የከረሙት ወንዶች ሁሉ በሸጋው ፊት ይሉኝታ ያዛቸው። ቢሻው እጁን የሌላ ሰው እጅ ይመስል እያገላበጠ ያየዋል። ስንታየሁ ራሱ እንኳ ለራስ ጥቅም እጅ ማውጣት ነውር ነው ብሎ እጁን አላወጣም። ሊዮን ሐሳቡ ወደቀ አለና ለመሸከም ተራው የማን እንደ ሆነ ጠየቀ።

ወንዶቹ ወንበሩን ሊያነሡ ሲመጡ እማማ ድንቅነሽ አልወጣም አሉ። እነሱም ሥርዓቱ መስሏቸው ይለምኑ ጀመር። እንሸከምዎ፣ ምን ቸገረዎት። አልወጣም። እማማ፣ በሞቴ። እማማ ድንቅነሽ ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። የሸጋው በር ከአዳራሹ ፊት ለፊት ነው፤ እየተጎተቱ ኮሪደሩን ተሻገሩና ገብተው ሶፋው ላይ ቁጭ አሉ። ሸጋው ተከትሏቸው ሮጠ፣ እኛም ተከተልን።

«ልጄ፣ ልጠይቅህ መጣሁ» አሉት።

የሸጋው አፍ ሳያማክረው «ይግቡ፣ ይግቡ» አለ። መነጽር ግንባሩ ላይ ይስቀል እንጂ እሱንም ያሳደገችው የጎንደር እናት ናት። ራት ቀረበ፤ ሁለት ጊዜ እምቢ ብለው በሦስተኛው በሉ። ሲመሽ፣ እንግዲህ ልሂድ አሉ። ሸጋው የግዱን «ኧረ ይደሩ» አለ። ይህ ማለት የትም ቢሆን ደኅና ይደሩ ማለት ነው፤ እንግዳው ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎ ይሄዳል።

«እሺ» አሉ እማማ ድንቅነሽ።

በመጀመሪያው። በዚህ ዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በመጀመሪያው እሺ አሉ። ሸጋው ቆሌው ተገፈፈ፤ ሚስቱ ፍራሽ አወጣች። በማግስቱም ሲመሽ ልሂድ አሉ፤ ሸጋው አፉን ለመዝጋት ሲታገል ዓይኔ አየ፤ አልቻለም፣ ይደሩ አለ። እሺ አሉ። ከዚያ ጠያቂው መጣ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት እኩዮቻቸው ሁሉ፣ እማማ ድንቅነሽ በእንግድነት ናቸውና እንጠይቃቸው እያሉ እቤቱ ይውሉ ጀመር። በሰንበት ማግስት ከአሽቀሎንና ከሬሖቮት ዘመድ ተሰብስቦ መጣ። ሸጋው ኳሱን በቴሌቪዥን ለማየት በአሮጊቶች መሀል አንገቱን እየሰገገ ይታያል፤ እነሱም ልጁ ተጨነቀ ብለው ይመርቁታል። ሂዱልኝ የሚለው ቃል በሁለቱም ቋንቋ ጠፋበት።

በመጨረሻ ሸጋው ራሱ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ የስንታየሁን በር አንኳኳ። እኔም እህቴ ዘንድ ነበርኩ። አያ ስንታየሁ፣ ቤቱን እንለዋወጥ አለው። ስንታየሁ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ኧረ ተው ሸጋው፣ ለምን ትቸገራለህ» አለ። ያን ጊዜ እሱን በመስኮት ብወረውረው ደስ ይለኝ ነበር። ሸጋው ግን አሁን ተምሯል። ለመነ። ስንታየሁ እምቢ አለ። ሸጋው «አያ ስንታየሁ፣ በሞቴ» ሲለው ስንታየሁ ተሸንፎ እሺ አለ። ብዙወርቅ በመጀመሪያው ልመና ላይ ፍራሽ መጠቅለል ጀምራ ስለ ነበር እሺ ሲል እሷ ደረጃው ላይ ነበረች።

ሊዮን ማኅበሩ ችግሩን በውይይት ፈታ ብሎ ለእንግዶቹ ተናገረ። ፎቶውን አውርዱት ብለነው እምቢ አለ፤ ምን ይደረግ፣ ይህ ማኅበር አንድ ጊዜ የተሰቀለን ነገር ለማውረድ ተስማምቶ አያውቅም።

የተዛወሩ ዕለት መጋረጃ ስሰቅል ስንታየሁ እናቱ አጠገብ ተቀመጠ። ደስ ብሎታል። ነገሩ በሥርዓቱ ማለቁን፣ ሳይለምን ተለምኖ መውሰዱን እየደጋገመ ይነግራቸዋል። ማንንም አላስቀየምንም ይላል። እማማ ድንቅነሽ ጫማቸውን እያደረጉ ሲያዳምጡት ቆዩ።

«ልጄ» አሉት ቀስ ብለው፣ «እምቢ ማለትን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። የራስህን እምቢ በል ብዬ ነው። ያን ቀን እምቢ ያልከው የእኔን ነበር።»

ስንታየሁ አንገቱን ደፋ። እማማ ድንቅነሽ ዱላቸውን አነሡ፣ በሩን ራሳቸው ከፈቱና ወደ እኩዮቻቸው ወጡ። እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ለሥራ የሚሄድበት ሰዓት እስኪደርስ አልተነሣም።